የተማሪው የነፍስ አባት ደመወዙ ከማን ነው?

በሐረር ከተማ መድኃኔ ዓለም የሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን በአዲስ አበባ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ምንም አያስደንቅም፤ በአገራችን በቅዱሳን ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት ብዙ ነውና። ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ነገር ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት በጀጎል ግንብ በታወቀችው በዚህች ከተማ 82 መስጊዶች እንዳሉ፥ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ጊዜ ጽፏል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራም የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ሲሆን፥ ከመቶው 69 ያህሉ ሙስሊም፥ 27 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን፥ ከ3 ጥቂት የሚበልጡት ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበሩ። እንግዲህ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በመድኃኔ ዓለም ስም በሚጠራ በር አብሮ እየገባ አልጀብራ የሚማረው በዚህ ከተማ ነው።

ወደ ሐረር በወረድን ጊዜ አንድ ጧት ከዚህ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ቆመን የተማሪውን አገባብ እንመለከት ነበር። ደብተሩን በብብቱ ሥር የያዘ አንድ የሙስሊም ልጅ አስቁመን፥ «ይህ ስም አይከብድህም ወይ?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ምን ለማለት እንደ ፈለግን ለማወቅ ጥቂት ካሰበ በኋላ፥ «ጋሼ፥ አባቴም እዚሁ ነው የተማረው» አለንና ደወል እንዳያመልጠው ሮጠ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ሆኖ ሳለ ጋሼ መባላችን ትንሽ ቢያስደነግጠንም፥ የልጁ መልስ ከጥያቄያችን የበለጠ ብስለት እንደ ነበረው አልካድንም።

የዛሬው ጉዳያችን ከዚሁ በር ይጀምራል። በዚህ በር ተማሪው ሁሉ ይገባል፤ ቄሱም ሼኹም ፓስተሩም ለስብከት አይገቡም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትንና ሃይማኖትን የለያየ ሲሆን፥ በ90ኛው አንቀጹ ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ አዝዟል። ሕጉ ይህ ነው፤ እኛም በዚህ ሕግ ላይ ክርክር ለማንሣት አልተነሣንም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከበሩ ውስጥ ካህን ከሌለ፥ ከበሩ ውጭስ አለ ወይ? ካለስ ምን እየበላ ነው?

በውጭ አገር የትምህርት ቤት ቻፕሌን የሚሉት ሰው አለ። ሥራው ተማሪውን መምከር፥ ያዘነውን ማጽናናት፥ ሊናገር የፈራውን መስማት ነው። በእኛ አገር እያንዳንዱ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የነፍስ አባት ስላለው፥ ነገሩ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ የነፍስ አባቱ የቤተሰቡ ነው፤ ተማሪው ደግሞ ከቤተሰቡ ርቋል። ከገጠር መጥቶ በሐረር አንዲት ክፍል ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ፥ ስንቁ በየአሥራ አምስት ቀኑ በገበያተኛ እጅ እየተላከለት፥ ወጡን ራሱ እየሠራ የሚማር ልጅ የነፍስ አባቱ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ርቀው ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በከተማው ደግሞ ከትምህርት በኋላ ባለው ጊዜ ጫቱ ቅርብ ነው፤ ካህኑ ግን ሩቅ ነው።

ይህ ሁሉ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያስታውስ። በ2014 ዓ.ም. ተፈትነው ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ስለ ፈተናው አከባበድና ስለ መምህራን ጉድለት ብዙ ተጽፏል። ውጤቱ በወጣባት ሌሊት በኪራይ ቤቱ ውስጥ ስልኩን ይዞ ስለ ተቀመጠው፥ ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚናገር ስለ ጨነቀው ልጅ ግን ያን ያህል አልተጻፈም። በእነዚህ ዓመታት ከመቶው ከዘጠና አራት የሚበልጡት እንዲህ ያለችውን ሌሊት አሳልፈዋል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያጠፋል ብለው የሰጉትን ካህናት ለማረጋጋት መምህራኑ ከግብጽ ኦርቶዶክሳውያን እንዲመጡ ተደርጎ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በተከፈቱት ትምህርት ቤቶችም ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበረ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩትም ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ መሆኗን ደንግጎ ስለ ነበር፥ ለካህኑ መምህር ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ መከፈሉ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከእነዚህ መምህራን አንዱን አገኘናቸው። በፈረስ መጋላ፥ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር፥ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠው ነበር። በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ያስተምሩ እንደ ነበር ነገሩን። እጅ ነሥተን ከአጠገባቸው ተቀመጥን።

«የኔታ፥ ያ ዘመን ጥሩ አልነበረም ወይ?» አልናቸው።

«ደመወዜ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም» አሉን። «ለሒሳብ አስተማሪውም ለእኔም በአንድ መዝገብ እየፈረምን ነበር የምንቀበል። ታዲያ ልጄ፥ ከሰበካው አንድም ሰው ምን ይበላሉ፥ ምን ይጠጣሉ ብሎኝ አያውቅም። የመንግሥት ሰው ነኛ!»

«የሙስሊሞቹ ልጆችስ እርስዎ ሲያስተምሩ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ከኋላ ይቀመጣሉ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ አይረብሹም። ዐይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነበር።»

ይህን ካሉ በኋላ ጥቂት ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ከዚያ ሳንጠይቃቸው የ1967ቱን ነገር አነሡ። «በመስከረም ንጉሡ ወረዱ፤ ብዙ ሳይቈይ የእኔም ትምህርት ከሰሌዳው ወረደ። አማርኛ አስተምር ተባልሁ፤ አስተማርሁ። ከሰበካው ሰው አንድ ስንኳ አልጮኸም። ለምን ይጩኽ? ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶበት አያውቅ።»

ከሐረር ይዘን የተመለስነው ትልቁ ነገር ይህ የሽማግሌው ቃል ነው። መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ወሰደው፤ ምእመናኑ ደግሞ የራሳቸው መሆኑን ስላላወቁት መወሰዱንም አላወቁም። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ባጣች ጊዜም ብዙ አገልጋዮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ካህኑ ከመሬቱና ከካዝናው በቀር ሌላ ባለዕዳ አልነበረውም ነበርና። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም፥ ምእመናኑም ቤተ ክርስቲያናቸውን በገንዘባቸው እንዲረዱ መንገዱን አስቀድሞ ባይጠርግ ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም።

ይኸው የሐረር ምድር ከዚህ የተለየ ምሳሌም ያሳየናል። ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ሲገዙ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩ ጽኑ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። ልጃቸውን ተፈሪን ፈረንሳይኛ ለማስተማር መምህር ሲፈልጉ ግን መጀመሪያ ከጓዴሎፕ የመጡትን ሐኪም ዶክተር ቪታሊያንን፥ ቀጥሎም በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ያደጉትን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መረጡ። በዚያን ጊዜ በሐረር የካቶሊኮች ጳጳስ የነበሩት ሞንሴኞር ዣሮሶ ናቸው፤ የሐረር ሰው አባ እንድርያስ ይላቸው ነበር። ታዲያ አባ ሳሙኤል ልጁን አስተማሩት እንጂ ከእናት አባቱ ሃይማኖት አላወጡትም። ልጁ አድጎ ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ስለ መምህሩ ትሕትናና ዕውቀት በፍቅር ጽፏል። አባ ሳሙኤል የሞቱት በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ነው፤ ደጃዝማች ተፈሪ የነበሩበት ታንኳ ሰጥሞ እሳቸው ሲድኑ መምህራቸው ሰጥመው ቀሩ።

ለዓመታት ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውኃ መያዝ ጀምሯል። በመንገዱ ሲያልፍ በመስኮት ተመልክቶ ስለዚያ መምህር የሚያስብ መንገደኛ ስንት እንደ ሆነ እንጃ።

የሰው ልጅ ስታስተምር የሰውን ልጅ ሃይማኖት አትንካ የሚለው ይህ ሥርዓት በአዲስ አበባም ታይቷል። ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳውያን ካህናት በ1930ዎቹ መጨረሻ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሲረከቡ፥ በኋላም ዶክተር ሉስየን ማት በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፥ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው እንደማንኛውም ሰው ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር የሚሠሩት። ሃይማኖታቸውንም አልሰበኩም። ተማሪው ግን ካህናት መሆናቸውን ያውቅ ነበር። በዚያው ኮሌጅ የኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ማኅበር የሆነው ሃይማኖተ አበው ሲመሠረት ተማሪዎቹ የራሳቸውን አባቶች ራሳቸው ፈልገው አገኙ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም፥ ከደርግ ፍጻሜ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የተስፋፉትን ግቢ ጉባኤያት የያዘው የመንግሥትን በጀት ጠብቆ አይደለም፤ አባላቱ ከደመወዛቸው እየከፈሉ ነው። ወንጌላውያን ተማሪዎችም የራሳቸው ኅብረት አላቸው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እንግዲህ ከሞላ ጎደል ጠያቂ አለው። የተረሳው የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ ነው።

ከአገራችን ወጣ ብለን አውስትራልያን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዚያ አገር የየአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ እያዋጡ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቻፕሌን ማኖር የጀመሩት ጥንት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ግን የአገሩ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት እስከ 20,000 የአውስትራልያ ዶላር መክፈል ጀመረ። አብያተ ክርስቲያናቱ ደስ አላቸው፤ ማን በነጻ የመጣ ገንዘብ ይጠላል? በኲዊንስላንድ ግዛት ልጆቹን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ሮን ዊልያምስ የተባለ አባት ግን ሙግት ገጠመ። በ2012 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት። በጣም የሚያስገርመው፥ ዳኞቹ የፈረዱለት በሃይማኖት ነጻነት ምክንያት አይደለም፤ መንግሥቱ ያለ ሕግ ፈቃድ ይህን ገንዘብ ሊያወጣ አይችልም ብለው ነው። ፓርላማው ወዲያው ሕግ አወጣ፤ ያም በ2014 ዳግመኛ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በየግዛቶቹ መስተዳድር በኩል መተላለፍ ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቻፕሌኑን ኑሮ አስቡት። በደንቡ ተማሪውን ወደ ሃይማኖቱ እንዳይስብ ተከልክሏል፤ ይህስ ደግ ነው። እንጀራው ግን በየጊዜው በዳኞችና በሚኒስትሮች እጅ ላይ ነበር። ስለ ሥራው ሲከራከሩ የኖሩት ጠበቆች እንጂ የመከራቸው ልጆች አልነበሩም። የሐረሩ ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ፥ ከዘራቸውን መታ አድርገው «አላልኋችሁም?» የሚሉ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ በአገራችን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት ለታናናሾቹ ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ የድሮው ይሁን እንጂ ትምህርቱ የሃይማኖት አይደለም። ሆኖም ስሙን ሲሰሙ ልባቸው የሞቀ ወላጆች አሉ። «ግብረ ገቡ ከተመለሰ ካህኑስ ለምን አይመለስም?» ሲሉ ሰምተናል። ሐሳባቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን አንስማማም። ካህኑ ከገባ ሼኹም ይገባል፤ መግባትም ይገባዋል። ፓስተሩም በተራው ይመጣል። በሐረር ከተማ አንድ ደወል በተደወለ ቁጥር አንዱ ክፍል ለሦስትና ለአራት ሲከፈል ማየት ነው። ያ ጧት ያገኘነው ልጅ ከክርስቲያን ጓደኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ነው የሚማረው፤ ስለ ግብረ ገብ ተብሎ ከወንበሩ እንዲነሣ የሚፈልግ ማን ነው? ነገሩ ደግሞ የቊጥር አይደለም። ክርስቲያኑ ከመቶ ዘጠና በሆነበት አውራጃም ቢሆን፥ የቀሩት አሥሩ ዐይናቸውን መስኮቱ ላይ ማድረጋቸው አይቀርም።

ወጣት ሹማምንት ይህን ጽሑፍ ያነባሉና አንድ ነገር እንጨምር። የትምህርት ቤት በር ለሃይማኖት ሰባኪ መዘጋቱ ሃይማኖትን መጥላት አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጹ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ፥ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው ኰትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ጽፏል። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ወደ መድረሳ ሲሄዱ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁር ርእሰ መምህር ካለ፥ ከሕጉ አንደኛውን ገጽ ብቻ አንብቧል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን፥ ከግቢው ውጭ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዓርብ ዓርብ ማታ እንሰበሰብ ነበር። የሚያስተምሩን ካህን ከከተማው ዳር ሁለት ባጃጅ ቀይረው ይመጡ ነበር፤ ሁለተኛው ባጃጅ የጠፋ ዕለት በእግራቸው። በክረምት ጥቁር ጃንጥላቸውን ከበሩ ላይ አራግፈው ሲገቡ አሁንም ይታየናል። የሁላችንንም የክርስትና ስም ያውቃሉ። መዝገብ የላቸውም፤ በቃላቸው ነው። አዲስ የመጣች ልጅ አንድ ቀን ስሟን ከነገረቻቸው፥ በሚቀጥለው ዓርብ «ወለተ ጊዮርጊስ፥ ሳሉ ተሻለሽ?» ይሏታል።

በሁለተኛው ዓመታችን አንድ ጓደኛችን በውጤቱ ምክንያት ከትምህርት ተሰናበተ። ወረቀቱን ያየ ዕለት ከማንም ጋር አልተነጋገረም። እሳቸው ሰምተው በሌሊት መጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አብረውት ተቀምጠው ዐደሩ። ሲነጋም ብቻውን አልሰደዱትም። ከእሱ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው፥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጕዘው፥ እስከ አባቱ ቤት አደረሱት። አባቱ በልጁ ላይ ቃል ሳይናገሩ መጀመሪያ ካህኑን ማስተናገድ ስለ ነበረባቸው፥ ቡናው እስኪፈላ ቍጣው በረደ። ልጁ ዛሬ በአንድ የወረዳ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ ከፍቶ ሁለት ሠራተኞች ያስተዳድራል።

የዚያን ቀን የአውቶቡሱን ዋጋ ማን ከፈለ? አልጠየቅንም። መቼም አልጠየቅንም።

በሦስተኛው ዓመት ከኅዳር ወር ጀምሮ ቀሩ። አንድ ዓርብ፥ ሁለት ዓርብ ጠበቅን። ከዚያ ማጕረምረም ጀመርን፤ ካህናት ለወጣቱ አይገዳቸውም፥ ለባለጠጋ ቤት ጠበል መርጨት ይቀላቸዋል እየተባባልን። ይህን ካሉት አንዱ እኛ ነን። እውነቱን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደብራቸው የሚሰጣቸው ለቤት ኪራዩ አልበቃ ሲላቸው፥ በአንድ የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆነው ተቀጥረዋል። ዓርብ ተረኛ ናቸው።

የምረቃችን ጊዜ ለጋዋን ፎቶግራፍ፥ ለኬክ፥ ለካናቴራና ለመጽሔት ያዋጣነውን ገንዘብ ብናስታውስ ያሳፍረናል። በመጽሔቱ ውስጥ ለእሳቸው አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥተን ፎቶግራፋቸውን በቀለም አሳትመን ነበር። የገጹን ዋጋ እንኳ በእጃቸው ብንሰጣቸው ኖሮ የሁለት ወር ኪራይ ይሆን ነበር።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ስንዘዋወር፥ በነጭ በተለሰነ ግንብ ሥር ሕፃናት ቁርኣን ሲቀሩ ድምፃቸው ከግቢው ውስጥ ይሰማ ነበር። ሐረሪዎች መምህራቸውን ካቢር ብለው ያከብሩታል። አፎቻ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበርም አላቸው፤ እንደ እኛ ዕድር ነው፥ በሠርግም በለቅሶም ይደርሳል። አንድ የከተማው ሰው ካቢሩ የሚበላውን ከየት እንደሚያገኝ ብንጠይቀው፥ ጥያቄው የገባው አልመሰለንም። «ልጄን ያስተምር የለ እንዴ?» አለን። እኛ ክርስቲያኖችም ዕድሩ አለን፤ የጽዋ ማኅበሩ አለን። በየወሩ ጠላና ዳቦ እያልን የምናወጣውን ሁሉ እናውቀዋለን። ጽዋውን ይቅር አንልም፤ እኛም ዳቦውን እንወዳለን።

የምንለው ይህ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ፥ ዛሬ ደመወዝተኛ የሆኑ አርባ ክርስቲያኖች በየወሩ መቶ መቶ ብር ቢያዋጡ አራት ሺሕ ብር ይሆናል። ይህ የአንድ ካህን ሙሉ ኑሮ ባይሆንም፥ ዓርብን ከዘበኝነት የሚያስለቅቅ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለካህኑ በድብቅ የሚሰጥ ምጽዋት ሳይሆን በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ የሚገባ፥ በስሙ የሚወጣ ደመወዝ ቢሆን ይሻላል። ካህኑም በትምህርት ቤቱ ቅጥር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፥ ከአሥር ሰዓት በኋላ፥ ተማሪ ሁሉ በሚያውቀው ቀን ይቀመጥ። ሌላም ነገር አለ። ሴት ተማሪ ለወንድ ካህን የማትነግረው ብዙ ነገር አላት፤ በቤት ኪራይ ስለምትኖር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የምናስብ ከሆነ፥ ከካህኑ ጋር አንዲት አስተዋይ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ወይም እናት ልትኖር ግድ ነው። ይህን ጉዳይ ከወንዶች ጋር ስንነጋገር ማንም አላነሣውም፤ ያነሣችው ሐረር ያገኘናት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ከሐረር ከተመለስን በኋላ የካህኑን የስልክ ቍጥር ከድሮ ጓደኞቻችን አፈላልገን ደወልን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ድምፃችንን እንደ ሰሙ በክርስትና ስማችን ጠሩን። ለምን እንደ ደወልን ሳንነግራቸው እያንዳንዱን ጠየቁ፤ ወለተ ጊዮርጊስ አገባች ወይ፥ ኀይለ ሚካኤል ሥራ ያዘ ወይ፥ ያ ብረት ሠሪው አባቱ እንዴት ሆኑ። ስለ ገንዘቡ እንዴት አድርገን እንደምንጀምር ጠፍቶን፥

«አባ፥ ሥራ ላይ ነዎት መሰለኝ፤ እንዳናስቸግርዎ» አልን።

«ተረኛ ነኝ» አሉ። «ግን ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ተጫወቱ።»